አንዱን ዓይን ሸፍናችሁ እዩ፦ ስለ ዓይን ችግርና የዓይን ሐኪም ስለማግኘት

ንባቡን ከመቀጠላችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉልኝ። የርቀት መነጽር ካላችሁ አድርጉት። ቀኝ ዓይናችሁን በመዳፋችሁ ጋርዱ፤ አትጫኑት። በግራው ብቻ ራቅ ያለ ጽሑፍ እዩ። የበሩን ጠርዝና የመስኮቱን ፍሬምም እዩ። አሁን ቀይሩ። ሁለቱ እኩል ያያሉ? ቀጥ ያለው መስመር በሁለቱም ቀጥ ብሎ ይታያል? መሐሉ ላይ የደበዘዘ ወይም የጎደለ ቦታ አለ?

አንዱ ከሌላው በግልጽ ካነሰ ምንም ባያማችሁም መታየት አለባችሁ። መስመሩ ከተጣመመ ደግሞ ሳምንት አትጠብቁ። ከዓይን ጀርባ የተነጠፈው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን፣ ሬቲና የሚባለው፣ መሐለኛውን እይታ የሚይዘው ክፍሉ ተነክቶ ሊሆን ይችላል።

እኔ ዓይን ክሊኒክ ውስጥ ነርስ ነኝ። ሰዎች ሐኪሙ ጋ ከመግባታቸው በፊት እይታቸውን የምለካው እኔ ነኝ። ከዚህ ሥራ የተማርኩት ትልቁ ነገር፣ ደህናው ዓይን የታመመውን እንደሚሸፍንለት ነው። ብዙ ሰው «ካላመመኝ ደህና ነኝ» ብሎ ያስባል። ዓይን ላይ ይህ አይሠራም።

አንድ ሰው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል። የመጣው የማንበቢያ መነጽር ለማሠራት ነው። ግራ ዓይኑን ሸፍኜ ሰንጠረዡን አስነብበዋለሁ። ትንንሾቹን ፊደላት ሳይቀር ይጨርሳቸዋል። ከዚያ መሸፈኛውን ወደ ቀኙ አዞራለሁ። ዝም ይላል። አንገቱን ዘንበል አድርጎ በመሸፈኛው ጎን አሾልኮ በደህናው ዓይኑ ሊያይ ይሞክራል። «ሲስተር፣ ሁለቱንም ሸፈንሽው እንዴ?» ይለኛል። አልሸፈንኩም። ትልቁ ፊደል እንኳ አይታየውም። ቀረብ ብዬ ጣቶቼን አስቆጥረዋለሁ። መቼ እንደደከመ ግን አያውቅም። ሲያነብም፣ መንገድ ሲሻገርም፣ ሰው ሲለይም የኖረው በአንዱ ብቻ ነው። እንዲህ ዓይነት ሰው ብርቅ አይደለም። ብዙ ጊዜ ይገጥመኛል፤ በገጠመኝ ቁጥርም ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ይህችን የመሸፈን ነገር በወር አንድ ጊዜ ልማድ አድርጓት። ደቂቃ አትፈጅም።

ሳይውል ሳያድር የሚኬድባቸው

አብዛኛው የዓይን ችግር ቀጠሮ ተይዞ ይታያል። የሚከተሉት ግን ጊዜ አይሰጡም።

የአንድ ዓይን እይታ በድንገት ከጠፋ የዚያኑ ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። ለጥቂት ደቂቃ ጠፍቶ ቢመለስ እንኳ ሂዱ። የደም ሥር ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፤ ስትሮክ ሊመጣ ሲልም እንዲህ ያደርጋል። አንዱ ነገር በድንገት ሁለት ሆኖ መታየት ከጀመረም እንደዚያው።

ብልጭ ብልጭ የሚል ብርሃን ከጎን በኩል ማየት፣ ድንገት የበዙ ጥቁር ነጠብጣቦች፣ ከአንድ ወገን እንደ መጋረጃ የሚመጣ ጥላ፤ እነዚህ የሬቲና መቀደድ ወይም መላቀቅ ምልክቶች ናቸው። የሬቲናው መሐል ሳይላቀቅ ከተደረሰበት እይታው ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ ሰዓታት ዋጋ አላቸው። ለዓመታት የምታውቋቸው፣ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ ስታዩ የሚንሳፈፉ አንድ ሁለት ክሮች ግን አብዛኛውን ጊዜ አያሰጉም። የሚያሰጋው ድንገተኛ ለውጥ ነው።

ዓይን ቀልቶ በጣም ሲያምና ሲደበዝዝ፣ መብራት ዙሪያ የቀስተ ደመና ክብ ሲታይ፣ ከዚያ ላይ ራስ ምታትና ትውከት ሲጨመር የዓይን ውስጥ ግፊት በድንገት አሻቅቦ ሊሆን ይችላል። በትውከቱ ምክንያት ሆድ ወይም ማይግሬን ነው ተብሎ ሌሊቱ እንዳያልፍ። በጥቂት ሰዓታት ውስጥ የዓይን ነርቭ ሊጎዳ ይችላል።

ኬሚካል ከገባ መጀመሪያ ውኃ፣ ከዚያ ሐኪም። በረኪና፣ ኖራ፣ ሲሚንቶ፣ የባትሪ አሲድ፣ ምንም ይሁን። የዓይኑን ቆብ በጣት ከፍታችሁ በሚፈስ ንጹሕ ውኃ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ፣ ቢቻል ለ30 ደቂቃ እጠቡ። ኖራና ሲሚንቶ ከሆነ ቆቡ ሥር የተሸሸገውን ቅንጣት ሁሉ አጥባችሁ አውጡ። እንዲህ ያሉት አልካሊዎች ከአሲድ የባሰ ወደ ውስጥ ዘልቀው ይበላሉ። የሚጎዳው ዓይን ሳይታጠብ ወደ ሐኪም ቤት ሲሮጥ የሚያልፈው ጊዜ ነው።

የተሰካ ነገር ካለ ደግሞ ነገሩ ተቃራኒ ነው። አትንቀሉ፣ አትጠቡ፣ አትጫኑ፣ ጠብታ አታድርጉ። ዓይኑን በማይነካ ነገር፣ ለምሳሌ በወረቀት ኩባያ፣ ከልላችሁ ውሰዱት። ብረት በብረት ሲመቱ ወይም በግራይንደር ሲቆርጡ የምትፈናጠር ቅንጣት ሳታሳምም ወደ ውስጥ ልትገባ ትችላለች። «ትንሽ ነካኝ» ብሎ ማለፍ አይገባም።

ኮንታክት ሌንስ የሚያደርግ ሰው ዓይኑ ቀልቶ ካመመው ሌንሱን አውጥቶ የዚያኑ ቀን ይታይ። ከተወለደ ወር ያልሞላው ሕፃን ዓይኑ አብጦ መግል ካመጣም እንዲሁ። በወሊድ ጊዜ የሚተላለፉ አንዳንድ ባክቴሪያዎች የሕፃን ኮርኒያ፣ ማለትም ከዓይን ፊት ያለውን ጥርት ያለ ሽፋን፣ ለመብሳት ረጅም ጊዜ አይፈልጉም።

ቀይ ዓይንና ያለ ማዘዣ የሚገዛ ጠብታ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በጣም የማዝንበት ጉዳይ ስለሆነ።

ዓይን በብዙ ምክንያት ይቀላል። አስለው ወይም አስነጥሰው ሲነሱ ነጩ ላይ ደም የመሰለ ቀይ ነገር ተንጣሎ ሊያገኙት ይችላሉ። ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ካላመመና እይታ ካልቀነሰ ከላይ ያለች ትንሽ የደም ሥር ፈንድታ ነው። በአንድ ወይም በሁለት ሳምንት ራሱ ይጠፋል። ከተመላለሰ የደም ግፊታችሁን ተለኩ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነም ለሐኪማችሁ ንገሩ።

ዓይነ ማዝ ሌላው ነው። ከአንዱ ዓይን ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ያቆረቁራል፤ ጠዋት ዓይናር ያጣብቃል። ብዙውን ጊዜ የሚያመጣው ቫይረስ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይፈይደውም። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይቆያል። ቀዝቃዛ እርጥብ ጨርቅ፣ ሰው ሠራሽ እንባ፣ እጅን ቶሎ ቶሎ መታጠብ፣ ፎጣና ትራስ መለየት ይበቃል። ወፍራም ቢጫ ወይም አረንጓዴ መግል ከበዛ ባክቴሪያ ሊሆን ስለሚችል ታዩ።

ማሳከኩ ከሁሉ የሚብስ ከሆነ አለርጂ ነው የሚጠረጠረው። መፈተግ ያባብሰዋል። በልጅነትና በወጣትነት ያለማቋረጥ የሚፈተግ ዓይን ኮርኒያው ቀጥኖ ሾጣጣ ሊሆን ይችላል፤ ይህ ኬራቶኮነስ የሚባለው ነው።

ድርቀትም ያቀላል። ግራ የሚያጋባው፣ የደረቀ ዓይን ብዙ ጊዜ ያነባል። ላዩ ሲደርቅ ይቆጣና እንባ ያፈሳል፤ ያ እንባ ግን ዓይኑን አልብሶ የሚቆይ ዓይነት አይደለም። ስክሪን ላይ ስናፈጥ ዓይን መጨፈናችን በጣም ይቀንሳል። በየ20 ደቂቃው ለ20 ሴኮንድ 6 ሜትር ያህል ራቅ ያለ ነገር ማየት፣ አስቦ ደጋግሞ መጨፈን ይረዳል።

የዓይን ቆብ ጠርዝ ላይ የሚወጣውን እብጠት አታፍርጡት። ለብ ባለ ንጹሕ ጨርቅ በቀን ሦስት አራት ጊዜ ለ10 ደቂቃ ያህል ያዙበት። አብዛኛው በዚህ ይሟሽሻል። ቆቡ በሙሉ አብጦ ትኩሳት ከመጣ ወይም ዓይኑን ማንቀሳቀስ ካመመ ግን ድንገተኛ ክፍል ነው።

እንግዲህ የዚህ ሁሉ መለያ ምንድን ነው? ሦስት ነገር ጠይቁ። ያማል? ብርሃን ያስፈራዋል? እይታው ቀንሷል? አንዱ እንኳ አዎ ከሆነ ተራ ቀይ ዓይን አይደለም።

አሁን ወደ ጠብታው። ስቴሮይድ ያለበት የዓይን ጠብታ አለ። መለያው ላይ ዴክሳሜታዞን፣ ፕሬድኒሶሎን ወይም ቤታሜታዞን የሚል ታገኛላችሁ። ከአንቲባዮቲክ ጋር ተቀላቅሎም ይመጣል፤ ስለዚህ ብዙ ሰው የሚያውቀው «አንቲባዮቲክ» ብሎ ነው። በሐኪም እጅ ዓይን የሚያድን መድኃኒት ነው። ችግሩ ማንኛውንም ቅላትና ማሳከክ ቶሎ ማጥፋቱ ነው። ሰው በአንድ ቀን ሲሻለው ያስቀምጠዋል። ሌላ ጊዜ ዓይኑ ሲያሳክክ ያወጣዋል። ለእህቱ ልጅም ያበድራል። አለርጂ ያለበት ልጅ ዓመት ሙሉ ሲያደርገው፣ ውስጥ ውስጡን የዓይኑ ግፊት ይጨምራል። ግፊቱ ነርቩን ሲበላ አያምም። ጠብታው የዓይን ሞራም ያመጣል። ቅላቱ የመጣው ከሄርፒስ ወይም ከፈንገስ ከሆነ ደግሞ ቁስሉን ያፋፋመዋል። ዓይኗ ነጭ ሆኖ፣ ማሳከኩ ጠፍቶ፣ የጎን እይታዋ ያለቀ ወጣት ልጅ አይቻለሁ። እናቷ በየወሩ እየገዛች በትጋት ታደርግላት ነበር። እናትየው የሚያስጠነቅቃት ሰው አላገኘችም።

ስለዚህ ቤታችሁ ያለውን የዓይን ጠብታ ዛሬ አውጡና መለያውን አንብቡ። ከእነዚህ ስሞች አንዱ ካለበትና አሁን ሐኪም እየተከታተላችሁ ካልሆነ አትጠቀሙበት። ለወራት ስታደርጉት ከቆያችሁ ግን በራሳችሁ ድንገት ሳታቆሙ ሄዳችሁ ግፊታችሁን ተለኩ፤ እንዴት እንደምትተዉት ሐኪሙ ይነግራችኋል። ዓይን የሚያነጡ ጠብታዎችም ለብዙ ቀን ሲደረጉ ተመልሰው ያቀላሉ። የሚያደነዝዝ ጠብታ ደግሞ ለምርመራ ብቻ ነው። ብየዳ ዓይኑን ያቃጠለው ሰው ማስታገሻ ብሎ ቤቱ ይዞት ከሄደ ኮርኒያው ሳይድን ይቀራል።

መነጽር፣ ሞራ፣ ግላኮማ

የደበዘዘ እይታ መነጽር ይፈልግ እንደሆነ ቤት ውስጥ የምትገምቱበት ዘዴ አለ። ወፍራም ወረቀት በመርፌ ብሱ። አንዱን ዓይን ሸፍናችሁ በሌላው በቀዳዳዋ አሻግራችሁ እዩ። ጽሑፉ ከጠራ ችግሩ በአብዛኛው የመነጽር ነው። ካልጠራ ግን ሞራ፣ ሬቲና ወይም ነርቭ ሊሆን ስለሚችል መነጽር ቤት ብቻ ሄዶ መመለስ አይበቃም።

በ40ዎቹ ዕድሜ ስልካችሁን እያራቃችሁ ማንበብ ከጀመራችሁ የዓይናችሁ ሌንስ እየደደረ ነው። የማይቀር ነገር ነው፤ በሽታ አይደለም። መነጽር ማድረግ ዓይን አያደክምም፤ አለማድረግም አያጠነክርም። የማዘዣ ወረቀቱን ማንበብ ልመዱ። ኦዲ (OD) ማለት ቀኝ፣ ኦኤስ (OS) ማለት ግራ ነው። የመቀነስ ምልክት ያለው ሩቅ ለማያይ፣ የመደመር ምልክት ያለው ቅርብ ለሚያስቸግረው ነው። ሲሊንደርና አክሲስ የሚባሉት አስቲግማቲዝምን፣ ማለትም የዓይን ፊት እኩል ክብ ባለመሆኑ የሚመጣውን ብዥታ፣ ያርማሉ፤ «አድ» የሚለው ለማንበቢያ የሚጨመረው ነው። ኮፒውን ያዙ። የሁለት ዓመት ወረቀት ጎን ለጎን ሲታይ ለሐኪሙ ብዙ ይናገራል። መነጽራችሁ ቶሎ ቶሎ እየተቀየረ ከሆነ ሞራ ወይም ስኳር ሊኖር ይችላል።

የዓይን ሞራ የሌንሱ መደፍረስ ነው። በዓለም ላይ ቀዳሚው የዓይነ ስውርነት መንስኤ እሱ ነው፤ በቀዶ ጥገና የሚድን መሆኑ ደግሞ ያንገበግባል። ቀለም ይደበዝዛል፤ በሌሊት የመኪና መብራት ይበተናል። በጠብታ፣ በቫይታሚን ወይም በመነጽር የሚጠፋ ሞራ የለም። የደፈረሰው ሌንስ ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል። ይህን የጀመረው እንግሊዛዊው የዓይን ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1949 ለንደን ውስጥ። በጦርነቱ ጊዜ የአብራሪዎች ዓይን ውስጥ የገባ የአውሮፕላን መስኮት ፕላስቲክ ስብርባሪ ዓይኑን ሳያስቆጣ መቆየቱን አይቶ ነው ሌንሱን ከዚያው ዓይነት ፕላስቲክ ያሠራው። ዛሬ ቀዶ ጥገናው ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት አይሞላም፤ የሚደነዝዘው ዓይን ብቻ ነው። «እስኪበስል ጠብቁ» የሚለውን የድሮ ምክር ተዉት። የሚሠራው ኑሯችሁን ሲያስቸግር ነው። በጣም የጠነከረ ሞራ ለማውጣትም ይከብዳል።

ግላኮማ ግን የጠፋውን አይመልስም። የዓይን ነርቭ ቀስ እያለ ይሞታል፤ መጀመሪያ የሚሄደው የጎን እይታ ነው። አሁንም ሁለቱ ዓይኖች እየተሸፋፈኑ ያታልላሉ። ፊደል ማንበብ መሐለኛ እይታ ስለሆነ ሰንጠረዡን እስከ ታች የሚያነብ ሰው ከባድ ግላኮማ ሊኖርበት ይችላል። ለዚህ ነው «ደህና አያለሁ» መልስ የማይሆነው። የተለመደው የዓይን ግፊት ከ10 እስከ 21 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ነው፤ ግፊታቸው በዚህ ውስጥ ሆኖ የሚታመሙም አሉ። ስለዚህ ግፊት ብቻ ተለክቶ «ነፃ ነህ» መባል በቂ አይደለም፤ ነርቩ መታየት አለበት። እናት፣ አባት፣ ወንድም ወይም እህት ግላኮማ ካለበት ምልክት ሳትጠብቁ ታዩ። የአፍሪካ ዘር ያለን ሰዎች ላይ ቀድሞ ይመጣል፤ ጠንክሮም ይሄዳል። ከ40 ዓመት በላይ ሁሉም ሰው አንዴ ሙሉ ምርመራ ቢያደርግ ደስ ይለኛል።

ስኳር ያለበት ሰው ደህና ቢያይም በዓመት አንድ ጊዜ ብሌኑ በጠብታ እንዲሰፋ ተደርጎ ሬቲናው ይታይ። ዓይነት ሁለት ከሆነ ምርመራው ስኳሩ የታወቀ ዕለት ነው የሚጀምረው፤ በሽታው ሳይታወቅ ለዓመታት ኖሮ ሊሆን ስለሚችል።

ልጆች «አላይም» አይሉም። ሌላ ዓይነት እይታ አያውቁም። አንዱ ዓይን ከሌላው ከደከመ አንጎል ደካማውን ይተወዋል። ሰነፍ ዓይን ይባላል። ሕክምናው በተለይ ከ7 ዓመት በፊት ሲጀመር የተሻለ ይሠራል፤ መነጽር፣ አንዳንዴም ደህናውን ዓይን በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት መሸፈን። ልጃችሁ አንዱን ዓይን ስትሸፍኑበት ዝም ካለ፣ ሌላውን ስትሸፍኑ ግን ከተቆጣና እጃችሁን ከገፋ ልብ በሉ፤ እየገፋ ያለው በደህናው እንዲያይ ነው። ከ4 ወር በኋላ የሚንሸዋረር ዓይን «ሲያድግ ይተወዋል» አይባልም። በፍላሽ በተነሳ ፎቶ ላይ አንዱ ብሌን ነጭ ሆኖ ከታየ በዚያው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። የዓይን ካንሰር ሊሆን ይችላል፤ ቀድሞ ከተደረሰበት ይድናል።

ማን ጋ ልሂድ?

የዓይን ባለሙያ ሁሉ አንድ አይደለም። የዓይን ስፔሻሊስት፣ ኦፍታልሞሎጂስት የሚባለው፣ ሕክምና ተምሮ በዓይን ላይ የሠለጠነ ሐኪም ነው፤ መድኃኒት ያዛል፣ ቀዶ ጥገና ይሠራል። ኦፕቶሜትሪስት እይታ ይለካል፣ መነጽር ያዛል፣ በሽታ ሲጠረጥር ወደ ሐኪም ይልካል። መነጽር ቤት ያለው ባለሙያ ደግሞ የታዘዘውን ሌንስ ፍሬም ላይ ይገጥማል። ሦስቱም ያስፈልጋሉ። ለመነጽር ብቻ ከሆነ ኦፕቶሜትሪስት ይበቃል። ሕመም፣ ቅላት፣ ድንገተኛ ለውጥ፣ ስኳር ወይም የቤተሰብ ግላኮማ ካለ ስፔሻሊስቱ ጋ ነው።

ስፔሻሊስቶችም ይለያያሉ። የሬቲና፣ የግላኮማ፣ የኮርኒያ፣ የልጆች ዓይንና የዓይን ቆብ የሚባሉ ንዑስ ሙያዎች አሉ። መጀመሪያ ጠቅላላ የዓይን ሐኪም ይያችሁ፤ እሱ ወደሚገባው ይልካችኋል። የሕክምና ትምህርት ያላቸው ሆስፒታሎች ብዙ ጊዜ እነዚህን በአንድ ቦታ ይዘዋል። ሰልፉ ቢረዝምም ለተወሳሰበ ችግር እዚያ መሄድ ጥሩ ነው።

ስም ሲነገራችሁ የሙያ ፈቃዱን አረጋግጡ። በአብዛኛው ቦታ ፈቃዱ ክሊኒኩ ውስጥ ይሰቀላል፤ ፈቃድ ሰጪውን መሥሪያ ቤት መጠየቅም ይቻላል። ያዳነው ሰው መኖሩን ብቻ አትጠይቁ። የታከመ ሰው ስታገኙ «ምን እንደሆንክ አስረዱህ? ከኦፕራሲዮን በኋላ ያየህ ማነው?» ብላችሁ ጠይቁት። እኔ ዘመዴን የምልክበት መለኪያ ይሄ ነው።

ኦፕራሲዮን ከታሰበ ሳታፍሩ ጠይቁ። ባይሠራ ምን ይሆናል? ይህን ኦፕራሲዮን አዘውትረው ይሠራሉ? የሚሠሩኝ እርስዎ ራስዎ ነዎት? የሚገባው ሌንስ ምን ዓይነት ነው፣ ለሩቅ ነው ለቅርብ? ሌሊት ቢያመኝ ለማን እደውላለሁ? ክትትሉና ጠብታው ክፍያው ውስጥ አለ? ጥሩ ሐኪም በእነዚህ አይቆጣም። ሌላ ሐኪም ማማከር እፈልጋለሁ ማለትም ነውር አይደለም።

የሚያስሸሹም አሉ። ሞራን ያለ ኦፕራሲዮን አጠፋለሁ የሚል። በግላኮማ የጠፋ እይታ እመልሳለሁ የሚል። ስም የሌለው ጠብታ ራሱ የሚሸጥ። ሁለቱን ዓይን ለየብቻ ሳይለካ የሚያዝ። ሞራውን በመርፌ ገፍቶ ወደ ውስጥ የሚጥል። ይህ የመጨረሻው ጥንታዊ ዘዴ ነው፤ ለጊዜው ብርሃን ያሳይና ብዙ ዓይን ያጠፋል።

የቀጠሮው ቀን

ያላችሁን መነጽር ሁሉ፣ የድሮውንም ጭምር፣ ይዛችሁ ኑ። የምታደርጉትን ጠብታ ከነጠርሙሱ አምጡ፤ «ክዳኑ ነጭ ነው» ብቻ ብትሉን ምን እንደሆነ አናውቅም። የምትወስዱትን ኪኒን ሁሉ ጻፉ። ለፕሮስቴት የሚሰጠው ታምሱሎሲን የሞራ ኦፕራሲዮንን ያስቸግራል፤ ሐኪሙ ቀድሞ ካወቀ ይዘጋጃል። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ኢታምቡቶል የዓይን ነርቭን፣ ለሉፐስና ለመገጣጠሚያ የሚሰጠው ሃይድሮክሲክሎሮኪን ሬቲናን ሊነካ ይችላል። ኮንታክት ሌንስ ካላችሁ ከስንት ቀን በፊት እንደምታወልቁ ስትደውሉ ጠይቁ።

መጀመሪያ እኔ ወይም እንደኔ ያለ ሰው ሰንጠረዡን ያስነብባችኋል። ሆላንዳዊው ሄርማን ስኔለን እ.ኤ.አ. በ1862 ያወጣው ነው። 6/18 ከተጻፈላችሁ ጤነኛ ዓይን በ18 ሜትር የሚያነበውን እናንተ በ6 ሜትር ታነባላችሁ ማለት ነው። ካርዱ ላይ ያለው የናንተ ቁጥር ስለሆነ «ስንት ሆነ?» ብላችሁ ጻፉት። አይታያችሁም ብለን አንወቅሳችሁም። ፊደሉን አትሸምድዱ፤ በመሸፈኛው ጎን አሾልካችሁም አትዩ። ከዚያ አገጫችሁን አስደግፋችሁ ስሊት ላምፕ በሚባለው የዓይን ማጉያ መሣሪያ ትታያላችሁ፤ ግፊት ይለካል። ብሌን የሚያሰፋ ጠብታ ሲደረግ 20 ወይም 30 ደቂቃ ትጠብቃላችሁ። ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ያህል ቅርብ ይደበዝዛል፤ ብርሃን ያስቸግራል። መኪና አትንዱ፤ ጥቁር መነጽርና አብሯችሁ የሚመለስ ሰው ይኑር። ይህ ጠብታ ሳይደረግ የሬቲና ጠርዝ በደንብ አይታይምና ለመቸኮል ብላችሁ አትከልክሉት።

ስትወጡ የበሽታውን ስም፣ የሁለቱን ዓይን ግፊትና የሚቀጥለውን ቀጠሮ በጽሑፍ ያዙ። የፊልድ (የጎን እይታን የሚለካ) ወይም የኦሲቲ (ሬቲናንና ነርቭን የሚያነሳ) ምርመራ ከተሠራላችሁ ኮፒ ውሰዱ። ሐኪም ብትቀይሩ ታሪካችሁ አብሯችሁ ይሄዳል።

ጠብታ አደራረግ

ብዙ ሰው ጠብታውን ጉንጩ ላይ ነው የሚያፈሰው። እጃችሁን ታጠቡ። ቀና በሉ ወይም ጋደም በሉ። የታችኛውን ቆብ በጣት ጎተት ስታደርጉት ትንሽ ኪስ ትከፈታለች። ወደ ላይ እያያችሁ እዚያች ኪስ ውስጥ አንድ ጠብታ ብቻ ጣሉ። የጠርሙሱ ጫፍ ዓይንም ሽፋሽፍትም አይንካ። ዓይናችሁን ቀስ ብላችሁ ጨፍኑ፤ አታርገብግቡት። አፍንጫ በኩል ያለውን የዓይን ጥግ በጣት ለአንድ ሁለት ደቂቃ ጫን በሉ። እንዲህ ሲሆን መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮና ወደ ደም ሳይወርድ ዓይን ላይ ይቀራል። የግላኮማው ቲሞሎል ወደ ደም ሲገባ አስም ያለበትን ሰው ትንፋሽ ሊያሳጥር ስለሚችል፣ አስም ካለባችሁ ገና ሳይታዘዝላችሁ ተናገሩ። ሁለት ዓይነት ጠብታ ካለ በመካከላቸው 5 ደቂቃ ይለፍ፤ ቅባት ካለ መጨረሻ ይሁን። እጃችሁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሌላ ሰው ያድርግላችሁ።

አብዛኛው ጠብታ ከተከፈተ ከ4 ሳምንት በኋላ ይጣላል። የከፈታችሁበትን ቀን ጠርሙሱ ላይ ጻፉ። የግላኮማ ጠብታ ግን ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ሌላ ግዙ፤ አንድም ቀን እንዳያልፋችሁ። በቀጠሮው ቀን ጠዋትም ሐኪሙ ካልከለከለ በቀር አድርጋችሁ ኑ። ግፊቱን የምንለካው መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን ለማየት ነው።